ተጠያቂ የሚፈልግ መብት፦ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ በአገራችን ሕግና ፖሊሲ

በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በኢትዮጵያ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ አካል ጉዳተኛ እንዳለ መዘገበ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቀጣዩ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ከ53 ሚሊዮን ተነሥቶ 74 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ፤ የአካል ጉዳተኞቹ ቁጥር ግን ከ900 ሺህ በታች ወርዶ ተገኘ። ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ ማለት ነው። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ከኤርትራ ጋር ከባድ ጦርነት ተካሂዷል፤ የመኪና አደጋ በየመንገዱ ሰው ሲያጎድል ኖሯል፤ አገሪቱም ዛሬ ድረስ በዓለም ከፍተኛው የትራኮማ ጫና ያለባት ናት። በዚህ ሁሉ መሐል አካል ጉዳተኛ በቁጥር የሚቀንስበት ምክንያት የለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ዓለም አቀፍ ሪፖርት የኢትዮጵያ ድርሻ 17.6 በመቶ ተብሎ ተቀምጧል። አንድና አሥራ ሰባት የአንድ አገር ቁጥር ሊሆኑ አይችሉም።

ልዩነቱን ያመጣው የጥያቄው አጠያየቅ ነው። ቆጣሪው በር አንኳኩቶ «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል የሚመልስለት የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ነው። እግሩ የተቆረጠውን ይናገራሉ። ጓዳ የምትውለውን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባትን ልጅ ብዙዎች አይናገሩም፤ ጆሯቸው የከበደውን አያት «እርጅና ነው» ብለው ያልፏቸዋል። ዛሬ ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበትና የዋሽንግተን ቡድን በመባል የሚታወቀው አጠያየቅ ስለ ጉዳት ፈጽሞ አያነሳም። መነጽር አድርገውም ቢሆን ማየት ይቸግርዎታል? መስማትስ? መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት? ማስታወስ? ራስን ችሎ መታጠብና መልበስ? ከሰው ጋር መግባባት? ስድስት ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሱም አዎ ወይም አይደለም ሳይሆን በደረጃ ይያዛል። ከ1999 ወዲህ ሌላ ቆጠራ ሳይደረግ ዓመታት በማለፋቸው የትምህርት ቢሮውም ጤና ጣቢያውም ከአንድ በመቶው ቁጥር ተነሥተው ማቀድን ለምደዋል። ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም።

ቆጠራውን ያስቀደምኩት የቀረው ችግር ሁሉ የእሱ መልክ ስላለው ነው። በአገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ሕግ የለም» የሚል ነው። ሕግስ አለ፤ እንዲያውም ብዙ አለ። የጎደለው በእያንዳንዱ ሕግ ውስጥ «ይህ ባይፈጸም እገሌ ይጠየቃል» የሚለው ነገር ነው። ይህን ለማየት ሕጎቹን አንድ በአንድ መመልከት ግድ ይላል።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ዓመታት የአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት በትእዛዝ ተቋቁሞ ነበር። የዘመኑ አስተሳሰብ መጠለያና ሙያ መስጠት ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ደጃፍ ሰውን አንሥቶ ሥራ ማስያዝ። በጊዜው ትልቅ እርምጃ እንደነበር መካድ አይገባም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ከዚህ አስተሳሰብ ብዙ አልራቀም። አንቀጽ 41 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት የአገሪቱ ኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል፤ ከእነሱም ጋር አረጋውያንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን አብሮ ይጠቅሳል። የእኩልነት ድንጋጌው አንቀጽ 25 ዘርን፣ ጾታን፣ ቋንቋን፣ ሃይማኖትን ሲዘረዝር የአካል ጉዳትን በስም አያነሣም፤ «ሌላ አቋም» በሚለው ውስጥ ተካቷል ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ብዙ የሕግ ሰዎችም እንዲሁ ይላሉ። ነገር ግን በስሙ ተጠርቶ የተቀመጠ መብትና በትርጉም የሚፈለግ መብት ፍርድ ቤት ሲደርሱ እኩል አይቆሙም። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግም ባለፉት 30 ዓመታት ለየመሥሪያ ቤቱ ዝግጁ መልስ ሆኖ አገልግሏል።

ከዝርዝር ሕጎቹ ውስጥ የተሻለው የሥራ ስምሪት መብት አዋጁ ነው፤ ቁጥር 568/2000። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 101/1986 ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ ክፍት የሥራ መደቦች እንዲያዙ ያደርግ ነበር። አዲሱ አዋጅ በመግቢያው ላይ ይህንኑ ነቅፎ ይነሣል፤ መደብ ለይቶ መያዙ አካል ጉዳተኛው በችሎታው ተወዳድሮ መሥራት አይችልም የሚል ገጽታ ፈጥሯል ይላል። ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ጥሩ ጥሩ ነገሮች አሉት። ነጥቡ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ የሆነ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲሰጠው፣ አሠሪው የሥራ መሣሪያውን፣ የሥራ ሰዓቱንና አካባቢውን እንዲያመቻች፣ ካስፈለገም ረዳት እንዲመድብ ያዛል። ከሁሉ የላቀው ደግሞ የማስረዳት ሸክሙን ማዞሩ ነው፦ መድልዎ ተፈጽሞብኛል ያለው ሰው ሳይሆን አሠሪው አለመፈጸሙን እንዲያስረዳ ያደርጋል። በወረቀት ላይ ይህ ጠንካራ ጥበቃ ነው።

ታዲያ በዚህ አዋጅ ተከሶ የተቀጣ አሠሪ ሲጠራ ሰምተን እናውቃለን? እምብዛም። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የተጻፈው ቅጣት ለአንድ ድርጅት የማይሰማ፣ በጥቂት ሺህ ብር የሚቆጠር ነው። ክሱን የሚያቀርበው ደግሞ ሥራ የሌለው፣ ፍርድ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያስችልበት ወይም አስተርጓሚ የማያገኝበት ሰው ነው። የሥራ ተቆጣጣሪው ፋብሪካ ሲጎበኝ የሚሞላው ቅጽ ላይ «አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ስንት ናቸው? ምን ተመቻቸላቸው?» የሚል ጥያቄ ከሌለ አሠሪውን በዓመት አንዴ እንኳ ስለ ጉዳዩ የሚያናግረው አይኖርም። አንድ ነጥብ ግን ለአዋጁ ልመስክርለት፦ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ዛሬ የምናገኛቸው ዓይነ ስውራን የሕግ ባለሙያዎች፣ መምህራንና የስልክ ኦፕሬተሮች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» የሚለውን መስመር አንብበው ሲያመለክቱ ከኋላቸው የቆመው ይህ ሕግ ነው።

የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ነው። አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መጸዳጃ ቤት ያላቸውም ለእነዚሁ ሰዎች የሚመች መጸዳጃ እንዲያዘጋጁ ያዛል። ይህን አንቀጽ ይዤ በአዲስ አበባ አንድ የገበያ ማዕከል በር ላይ ልቁም። በሩ ሦስት ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በድምሩ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው። በተለምዶ የሚሠራበት መለኪያ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚጠይቅ፣ ሰው በገዛ ክንዱ ዊልቸሩን እየገፋ እንዲወጣ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 መርዘም አለበት። በሩ ላይ የማየው ግን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በሴራሚክ ተነጥፎ ዝናብ ሲነካው የሚያንሸራትት፣ መያዣ ብረት የሌለው፣ ጫፉ ላይ የጥበቃው ወንበር የተቀመጠበት። ይህን ያህል ቀጥ ያለ መወጣጫ ላይ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለበጣል። ስለዚህ ሁለት ወጣቶች ተጠርተው ሰውየውን ከነዊልቸሩ ተሸክመው ያስገቡታል። ውስጥ ሲገባ የሊፍቱ በር ጠባብ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተሩ ለሊፍቱ አይደርስም። የመጸዳጃው በር ደግሞ ዊልቸሩን አያሳልፍም።

ይህ ሕንፃ ሕጋዊ ነው፤ ፕላኑ ጸድቆለት፣ የግንባታ ፈቃድ ወጥቶለት፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ተሰጥቶት የተከፈተ ነው። በሦስቱም ደረጃዎች ላይ የፈረመ ባለሙያ አለ። ፕላኑ ላይ ራምፕ ስለተሣለ «አለ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ተደርጎበታል፤ ምን ያህል ቀጥ እንዳለ ግን ማንም በሜትር አለካም። ሕንፃው አንዴ ከቆመ በኋላ አፍርሶ ማስተካከል ውድ ነው፤ ፕላን ላይ እያለ ማስተካከል ግን ከጠቅላላ ወጪው አንጻር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ለዓመታት የጠየቁትም ይኸው ቀላል ነገር ነው፦ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሰው በዊልቸር ገብቶ ይውጣ። በቅርቡ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና በነጭ በትር ለሚሄዱ የተነጠፉት ጎርባጣ ቢጫ መስመሮች ነገሩ ሲታሰብበት እንደሚቻል አሳይተዋል። ከመስመሩ ወርዶ ወደ ውስጥ መንደር ሲገባ ግን ክዳን የሌለው ቦይ ይጠብቃል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የቀላል ባቡር ከፍ ባሉ ጣቢያዎችም የቆመ ሊፍት ያጋጠመው ሰው ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ 2001 ዓ.ም. አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የሕንፃ አዋጁ በወጣበት በዚያው ዓመት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናት መብትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የአካል ጉዳተኞች መብት በስም ተጠቅሶ ነው የተከለከለው። ዊልቸር ማደል ይፈቀዳል፤ «ይህ ሕንፃ ለምን ራምፕ የለውም?» ብሎ መሟገት ግን አይፈቀድም ማለት ነበር። በመዋጮ ብቻ ሊቆሙ የማይችሉት ማኅበራት ወደ እርዳታና ሥልጠና ተገፉ። አዲሶቹን ሕጎች ወደ ፍርድ ቤት ሊወስዱ የሚችሉት እጆች ሕጎቹ በወጡበት ሰሞን ታሠሩ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት ቆየ። ዛሬ «ማኅበራቱ ደካማ ናቸው» የሚል ሰው ይህን አሥር ዓመት ከሂሳብ ማስገባት አለበት። የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ የመስማት የተሳናቸው ማኅበርም ከአብዮቱ በፊት የተቋቋመ ነው። ሁለቱም ከብዙ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቻችን ይበልጥ ዕድሜ አላቸው።

በዓለም አቀፍ መድረክ አገራችን ወደ ኋላ አላለችም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ1999 ዓ.ም. እንደጸደቀ በወራት ውስጥ ፈርማለች፤ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃዋለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ስምምነቱ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ሆኖም ግለሰቦች አቤቱታቸውን በቀጥታ የስምምነቱን አፈጻጸም ለሚከታተለው ኮሚቴ እንዲያቀርቡ የሚያስችለውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል አብራ አላጸደቀችም፤ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ጄኔቫ ላይ ሪፖርቷ ሲመረመርም ኮሚቴው ይህንኑ አንሥቷል። የአፍሪካ ኅብረት የራሱን ፕሮቶኮል ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ በጥር 2010 ዓ.ም. ነው። ፕሮቶኮሉ የአልቢኒዝም ችግር ያለባቸውን ሰዎች ግድያ፣ ጎጂ ልማዶችንና የገጠሩን ኑሮ ስለሚያነሣ ለእኛ ቀረብ ይላል፤ በሥራ ላይ የዋለው በ2016 ዓ.ም. 15 አገሮች ካጸደቁት በኋላ ነው። ኢትዮጵያ የማራካሽ ስምምነትንም ተቀላቅላለች። ይህ ስምምነት የታተመ መጽሐፍን ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ ለመቀየር የደራሲውን ፈቃድ መጠየቅ እንዳያስፈልግ የሚያደርግና የተዘጋጀውን ቅጂ በአገሮች መካከል ለመለዋወጥ የሚያስችል ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ በድምፅ ለመስማት ለሚጓጓ አንባቢ ትርጉሙ ትልቅ ነው።

የእነዚህ ሁሉ ግዴታዎች ባለቤት ማን ነው? ለረጅም ጊዜ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሆኗል። ሁለቱም ሰፊ ኃላፊነት ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ በእነሱ ውስጥ አንድ ክፍል ነው። ከ2004 እስከ 2013 ዓ.ም. የሚዘልቅ ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር ነበር። መርሐ ግብሩ ትምህርትን ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ጤናን ለጤና ሚኒስቴር፣ መንገድን ለመንገዶች ባለሥልጣን አከፋፍሎ ሲያበቃ አፈጻጸሙን የሚከታተለው አስተባባሪ ኮሚቴ ነበር። አንድ ሚኒስቴር በእኩዮቹ ላይ የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስብሰባ ይጠራል። ስብሰባው ላይ የሚገኘው ደግሞ በየጊዜው የሚቀያየር ተወካይ ነው። ይህን የምለው በዚያ ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ቅን ሠራተኞችን ለመውቀስ አይደለም፤ የተሰጣቸው መሣሪያ ለሥራው አይበቃም ነው የምለው።

ጎረቤቶቻችንን ማየት ይጠቅማል። ኬንያ በ1996 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ራሱን የቻለ ብሔራዊ ምክር ቤትና ፈንድ አቋቁማለች፤ የ2002ቱ ሕገ መንግሥቷም በምርጫና በሹመት ከሚያዙ የሕዝብ መቀመጫዎች ደረጃ በደረጃ አምስት በመቶው ለአካል ጉዳተኞች እንዲሆን ይደነግጋል። በኡጋንዳ ፓርላማ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመርጧቸው አምስት እንደራሴዎች አሉ። ሁለቱም አገሮች የየራሳቸው ጉድለት አላቸው፣ አምስት በመቶውም ገና አልተሟላም። ነገር ግን እዚያ በጀት ሲጸድቅ ምክር ቤት ውስጥ ተነሥቶ የሚጠይቅ ሰው አለ። በእኛ በኩል ለዚህ የቀረበው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው፤ የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን መብት የሚከታተል ራሱን የቻለ የኮሚሽነር መደብ አለው፤ ርግበ ገብረሐዋሪያ ለዚህ ኃላፊነት ከተሾሙ ወዲህም የኮሚሽኑ ሪፖርቶች እስር ቤቶችን፣ የመፈናቀያ ካምፖችንና የምርጫ ጣቢያዎችን ከዚህ አንጻር መመርመር ጀምረዋል። ኮሚሽኑ ይመክራል፣ ያጋልጣል፤ አያዝም። አንድ አጠቃላይ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ እንዲኖር ለዓመታት ሲወተወት የቆየው ለዚህ ነው፤ የተበታተኑትን ድንጋጌዎች ከመሰብሰብ አልፎ የሚያዝና የሚቀጣ ተቋም እንዲፈጥር።

ወደ ትምህርት ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ተሻሽሏል፤ ከዚያም እስከ 2017 ዓ.ም. የሚደርስ መሪ ዕቅድ ተከትሎታል። አቅጣጫው ትክክል ነው፦ ልጆቹን ወደ ሩቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ከመላክ ይልቅ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ማስተማር፣ በየጉድኝቱ አንድ የድጋፍ መስጫ ማዕከል አቋቁሞ ዙሪያውን ያሉትን ትምህርት ቤቶች ማገልገል። የሰበታውን የመሰሉ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ብዙ ምሁራንን አፍርተዋል፤ ለሁሉ ልጅ ግን አይበቁም፣ የሰባት ዓመት ልጅንም ከእናቱ ይለያሉ። ችግሩ ልጁ ወደ ሰፈር ትምህርት ቤት ሲመጣ ምን ያገኛል የሚለው ነው። ማዕከሉ ተብሎ የተሰየመው ክፍል ተቆልፎ፣ የብሬል ወረቀቱ አልቆ፣ ሠልጥኖ የመጣው መምህር ደግሞ የክፍለ ጊዜ ጫና ስላለበት ሲቪክስ እያስተማረ ይገኛል። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሲወጣ ለሌላው ተማሪ መጽሐፉ ይዘገያል፤ ለዓይነ ስውሩ የብሬል ቅጂው ከዚያም በኋላ ይመጣል፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይመጣም። ሒሳብና ሳይንስ በብሬል ለማስተማር የሚችል መምህር በመጥፋቱ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከእነዚህ ትምህርቶች እንዲርቁ ተደርጎ ኖሯል። ሕግ፣ ታሪክና ቋንቋ የሚያጠኑት በዝተው የምናየው ሁሉም ዝንባሌያቸው ይህ ሆኖ አይደለም። ኮምፒውተር በድምፅ በሚያነብበት በዚህ ዘመን አንድን ልጅ ዓይኑ ስላላየ ብቻ ከቁጥር ዓለም ማስወጣት ከባድ በደል ነው።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። የጣት ፊደሉን ያየ ሰው ይደነቃል፦ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ይለያቸዋል። «ለ»ን በእጅ ቀርጾ በማንቀሳቀስ ሉ፣ ሊ፣ ላ ይባላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚመረቁትን አስተርጓሚዎች የሚቀጥር መደብ ግን በአብዛኛው ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለም። ምጥ የያዛት መስማት የተሳናት እናት ማዋለጃ ክፍል ስትገባ አዋላጇ «ግፊ»፣ «ቆዪ»፣ «አትግፊ» የምትላት በአፏ ነው፤ ያውም ጭምብል አድርጋ። አጠገቧ እንዲያስተረጉም የሚገባው ብዙ ጊዜ የራሷ ትንሽ ልጅ ወይም ባሏ ነው። ስለ ደፈራት ሰው ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥም እንዲሁ ቤተሰብ አጠገቧ ይቆማል። ደፋሪው ከቤተሰቡ አንዱ ሲሆንስ?

ባንክ ቤት ሌላ ታሪክ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 የዓይነ ስውርና ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሐሳቡ ጥበቃ ነበር፤ ያልተነበበለትን ወረቀት አስፈርመው እንዳያታልሉት። በተግባር ግን ተማሪ ያስተማረ፣ ደመወዙን የሚያውቅ ዓይነ ስውር መምህር ሒሳብ ሊከፍት ሲሄድ «ምስክር ይዘህ ና»፣ «ወኪል አምጣ»፣ «ኤቲኤም ካርድ ለአንተ አንሰጥም» ይባላል። ገንዘቡን ከሌባ ለመጠበቅ ተብሎ ምስጢሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ እንዲሰጥ ይገደዳል። በዚያው ሕግ ቁጥር 340 መስማትና መናገር የተሳናቸውና ዓይነ ስውራን ለአእምሮ ሕሙማን የተደነገገውን ጥበቃ መጠየቅ እንደሚችሉ ይናገራል፤ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ተከልክሎ በአሳዳሪ ስር ሲወድቅ ማግባትን፣ መውረስን፣ መፈረምን በሌላ ሰው እጅ ያስረክባል። ያጸደቅነው ስምምነት ሰውየው በድጋፍ ራሱ እንዲወስን ይጠይቃል። በዚህ መካከል ያለውን ክፍተት ማንም በቁም ነገር የዳሰሰው አይመስልም። የአእምሮ ጤናና የአእምሮ እድገት ጉዳዮች በአካል ጉዳተኞች ንቅናቄ ውስጥ እንኳ የኋላ ወንበር ላይ ናቸው። ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መነጋገር የቻልነው ዘሚ የኑስ የልጃቸውን ነገር ሳይደብቁ ወጥተው ማዕከል ስለከፈቱ ነው። የአንዲት እናት ድፍረት የመንግሥትን ሥራ ለዓመታት ተሸክሟል።

ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ጉዳዩ ሌላ ስፋት አግኝቷል። እግሩን ያጣ የ22 ዓመት ወጣት ሰው ሠራሽ እግር ሲገጠምለት ፎቶ ይነሣል፤ ዜናው እዚያ ያበቃል። ሰው ሠራሽ እግር ግን ዕድሜ ልክ አያገለግልም፤ አዋቂ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ሌላ ያስፈልገዋል፣ ጉቶው ሲለወጥም ማቀፊያው ይስተካከልለታል። የሚያድግ ልጅ ደግሞ በየዓመቱ፣ አንዳንዴም ቶሎ ይፈልጋል። ይህ ወጣት 60 ዓመት እስኪሞላው አሥር ጊዜ ያህል ወደ ማዕከል ይመለሳል ማለት ነው። ማዕከላቱ ያሉት በጥቂት ከተሞች ነው፤ ለረጅም ጊዜም ቁሳቁሱን በማቅረብና ባለሙያ በማሠልጠን የደገፈው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነበር። የውጭ ድጋፍ ሲቀንስ እግሩ የሚሠራበትን ፖሊፕሮፒሊን ማን ይገዛል? ከራያ ወይም ከዋግ ተነሥቶ ደሴ ወይም መቀሌ ለሚመላለሰው ሰው የመኪናና የአዳር ማን ይከፍላል? ለአካል ጉዳተኞች ከቀረጥ ነፃ መኪና የማስገባት መብት አለ፤ መኪና መግዛት ለሚችለው ጥቂት ሰው ትልቅ ነገር ነው። በክራንች የሚሄደው ገበሬ ከመንግሥት በጀት የሚደርሰው ነገር የትኛው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ግን መፈለግ ያስቸግራል።

የአማራ ሳይንቷ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጥታ፣ ተምራ የሕግ ባለሙያ ሆና በ2010 ዓ.ም. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብላለች። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አምጥታ በፓሪስ ደግማዋለች፤ በዚያው በፓሪስ ያየሽ ጌቴም ወርቅ አግኝታለች። ሲያሸንፉ እናለቅሳለን፣ ደስታችንም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ፖሊሲ የሚለካው ጎበዟ ልጅ ስንት ግድግዳ እንደዘለለች አይደለም። መካከለኛ ውጤት ያላት፣ ልዩ ተሰጥኦ የሌላት፣ የልብስ ስፌት ሠርታ ቤት ተከራይታ መኖር የምትፈልግ ዓይነ ስውር ወጣት ያን ኑሮ ማግኘት ከቻለች ነው የሚለካው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ግን ቁርጥ ያለ ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ስድስቱን ጥያቄዎች ይዞ ይውጣ፤ ቆጣሪዎቹም እያንዳንዱን የቤተሰብ አባል በስም እየጠሩ እንዲጠይቁ ይሠልጥኑ። የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚሰጠው መሐንዲስ የራምፑን ቁመትና ርዝመት በቁጥር ጽፎ ይፈርም፤ ቁጥሩ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ፈቃዱን የሰጠው ሰው ይጠየቅ። በሥራ ተቆጣጣሪዎች ቅጽ ላይ ስለ አካል ጉዳተኞች የሚጠይቅ አንድ ገጽ ይጨመር። ብሔራዊ ባንክ ዓይነ ስውር ደንበኛ ያለ ወኪል የሚስተናገድበትን አሠራር ለሁሉም ባንኮች በአንድ መመሪያ ያስገድድ። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀምር ደግሞ የእያንዳንዱ ዞን ሆስፒታል የሰው ኃይል ዝርዝር ውስጥ «የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ» የሚል አንድ መደብ፣ ከነደመወዝ እርከኑ፣ ተጽፎ ይገኝ። ለሰው ሠራሽ አካል ምትክ የሚውለው ገንዘብም በእርዳታ ሳይሆን በራሱ የሂሳብ መደብ በጤና በጀት ውስጥ ይግባ፤ ዋና ኦዲተርም እንደሌላው ወጪ ሁሉ ለታለመለት ሰው መድረሱን ይመርምረው።